ዘር ሌላ፣ ብሔር ሌላ፦ የሰው ልጅ አመጣጥና የወሎ ምሳሌ

በደሴም ሆነ በኬሚሴ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለብዙ ዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። አዲሱ ፋይዳ ይህን አይጠይቅም። በዲቪ አሜሪካ የገባ የወሎ ሰው ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማመልከቻ ሲሞላ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ አንደኛው «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነህ?» ይላል፣ ቀጣዩ ዘርህን ምረጥ ይላል። ሁለቱንም መመለስ ግዴታ አይደለም። አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባ፣ አፋር፣ አገው የሚል ሣጥን ፈልጎ አያገኝም። እዚህ በመታወቂያ የሚለያዩ ሁለት ጎረቤታሞች እዚያ «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አድርገው ይወጣሉ።

ሁለቱ ቢሮዎች የሚጠይቁት ነገር ለየቅል ነው። የአሜሪካው ቅጽ በውጫዊ መልክና በትውልድ አህጉር ላይ የቆመውን ትልቅ ክፍፍል ይፈልጋል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ እየተባለ የሚሄደውን። የቀበሌው የፈለገው በቋንቋ፣ በባህል፣ በታሪክና «እኛ እነ እገሌ ነን» በሚል እምነት የተሳሰረውን ማኅበረሰብ ነበር። በዕለት ንግግራችን ሁለቱንም «ዘር» ስለምንል ይምታታል፤ እዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ዘር፣ ሁለተኛውን ብሔር እያልን እንቀጥል። የሰው አመጣጥ ጥናት ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ዘር የሚባለውን ክፍፍል ተፈጥሮ ውስጥ ፈልጎ አጥቶታል። ብሔርን ያገኘዋል፤ የሚያገኘው ግን በደም ውስጥ ሳይሆን በሰዎች ኑሮ ውስጥ ነው።

ከባቲ ቁልቁል

ወሎ ላይ ቆሞ ስለ ሰው አመጣጥ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው በቅሪተ አካል ሀብቱ ዓለም ከሚያውቀው ምድር ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ስትገኝ ሐዳር በወሎ አስተዳደር ሥር ነበረ፤ ዛሬ በአፋር ክልል ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በወራንሶ ሚሌ ያገኘው የራስ ቅል 3.8 ሚሊዮን ዓመት አለው። ሌዲ ገራሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የተገኘው የመንጋጋ አጥንት ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሲሆነው፣ እኛ የምንመደብበት ሆሞ የተባለው ወገን እስካሁን ከታወቁት ቅሪቶች ቀዳሚው እርሱ ነው።

ድንቅነሽን የኢትዮጵያውያን የብቻ አያት አድርጎ ማውራት የተለመደ ነው። ኩራቱ ይገባናል፣ አባባሉ ግን ስሕተት ነው። ድንቅነሽ ጥቁርም ነጭም፣ አፋርም ወሎዬም አልነበረችም፤ ዘመናዊ ሰው እንኳ አልነበረችም። ከእርሷ ዘመን እስከ እኛ ዝርያ መምጣት ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። የእርሷ ወገን የሰው ቅድመ አያት ከሆነ፣ የስዊድኑም የቻይናውም ቅድመ አያት የሆነው በእኩል ነው።

የእኛ ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ የሚጀምረው እጅግ ዘግይቶ ነው። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ቅሪቶች ወደ 300,000 ዓመት ይጠጋሉ። ኦሞ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው አጥንት ለረጅም ጊዜ 195,000 ዓመት ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደገና ሲመረመር ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ እንደሆነ ታወቀ። በመካከለኛው አዋሽ የሄርቶው 160,000 ነው። እነዚህ ቦታዎች እርስ በርስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይራራቃሉና የሰው ልጅ ከአንድ መንደር ወጣ የሚለው ሥዕል አይሠራም። አፍሪካ ውስጥ ተበታትነው፣ አንዳንዴም እየተገናኙ ይኖሩ ከነበሩ ብዙ ማኅበረሰቦች ነው የመጣነው።

ከ60,000 እስከ 70,000 ዓመት በፊት ገደማ ከእነዚህ መካከል ጥቂቱ ክፍል ከአፍሪካ ወጣ። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ በአብዛኛው የሚወለደው ከዚያ ጥቂት ክፍል ነው። የወጣው ጥቂት ስለነበር ይዞት የወጣው የዲኤንኤ ልዩነትም ጥቂት ነበር፤ እየራቁ በሄዱ ቁጥር እንደገና ጥቂቶቹ ብቻ ስለሚቀጥሉ ልዩነቱ ይበልጥ እየሳሳ ሄደ። ተመራማሪዎች ይህን ሲለኩ የየብስ ርቀቱን መቁጠር የጀመሩት ከአዲስ አበባ ነው፤ ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው ልዩነት ይቀንሳል፣ ደቡብ አሜሪካ ሲደርስ ከሁሉ ያንሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የዘርን ሣጥን ይሰብረዋል። «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ልዩነት የታጨቀበት ነው። አንድ የወሎ ደገኛ በዲኤንኤው በአማካይ ከደቡባዊ አፍሪካው የሳን ሰው ይልቅ ለአውሮፓዊ ይቀርባል። ሣጥኑ ግን ደገኛውንና ሳኑን ባንድ አስሮ አውሮፓዊውን ለብቻው ያስቀምጣል።

ለዚህ መቀራረብ አንዱ ምክንያት የኋለኛው ዘመን መቀላቀል ነው። በጋሞ ደጋ ከሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ወገን የመጣ ድርሻ አልተገኘበትም። የዛሬው የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ከፍ ያለ ድርሻ አለው፤ መቀላቀሉ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። (የሞጣው ጥናት መጀመሪያ መቀላቀሉ መላ አፍሪካን አዳርሷል ብሎ ነበር፤ በኮምፒውተር ስሌት ላይ ስሕተት ተገኝቶ ከወራት በኋላ ራሳቸው ደራሲዎቹ አረሙት።) ይህን ይዞ «ሴማዊ ደም» እና «ኩሻዊ ደም» ብሎ ለመከፋፈል የሚሮጥ አይጠፋም። አይሆንለትም፤ ያ ድርሻ በአማርኛና በትግርኛ ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን በኦሮሞው፣ በአፋሩና በአገውም ውስጥ በስፋት አለ። ሴማዊና ኩሻዊ የቋንቋ ቤተሰብ ስሞች ናቸው።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

ከደሴ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሚሌ የሚወርድ ሰው ብርዱ ቀርቶ ሙቀት፣ ባሕር ዛፉ ቀርቶ ግራር ያገኛል። ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው። ነገር ግን አውቶቡሱን አስቁሞ «ደጋው እዚህ ላይ አለቀ» የሚልበት ድንጋይ የለም። የሰው የቆዳ ቀለምም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን እንዲሁ ነው የሚለወጠው፤ በየመንደሩ ጥቂት በጥቂት። ዘር የሚባለው ሐሳብ የተወለደው ሁለቱን ጫፎች ብቻ አይቶ መሃሉን ከመዝለል ነው። በመርከብ ተነስቶ ከለንደን ሌጎስ የወረደ ሰው ነጭና ጥቁር ያያል፤ በእግሩ በአባይ ሸለቆ የመጣ ሰው ወሰኑን አያገኘውም።

ቀለሙ የሚለያይበት ምክንያትም ምሥጢር አይደለም። ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር ለፅንስ አስፈላጊ የሆነውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚን ያጠፋል፣ ጥቁር ቆዳ ይከላከላል። ፀሐይ ደካማ በሆነበት ሰሜን ደግሞ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ጨረሩ እንዲገባለት ይፈልጋል፣ ነጣ ያለው ይጠቀማል። ስለዚህ ቀለም የሚመሰክረው አያቶች ስለኖሩበት ፀሐይ እንጂ ስለ ዝምድና አይደለም። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ቆዳው እንደ አፍሪካዊ ጥቁር ነው፤ በዲኤንኤ ግን ከአፍሪካውያን እጅግ ከሚርቁት አንዱ ነው። አውሮፓውያንን ከሚያነጡት ዋና ዋና የጂን ዓይነቶች አንዱ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ ጠይም እና ቀይ ዳማ የምንላቸው ወንድማማቾች ከአንድ ቤት የሚወጡት እንዲህ ያሉ ጂኖች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚከፋፈሉ ነው።

የልዩነቱን ቁጥር ያሰላው አሜሪካዊው የሥነ ዘረመል ተመራማሪ ሪቻርድ ሌዎንቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በደም ዓይነቶችና በፕሮቲኖች ላይ ተመሥርቶ የሰውን ልጅ ልዩነት ሲያከፋፍል፣ 85.4 በመቶው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል፣ 8.3 በመቶው በአንድ ዘር ሥር በተመደቡ ሕዝቦች መካከል፣ የቀረው 6.3 በመቶ ብቻ ዘር በተባሉት መካከል ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በዲኤንኤ የተሠሩት ስሌቶች ከዚህ ብዙ አልራቁም። ሐይቅ ገበያ ላይ በዘፈቀደ የተመረጡ ሁለት ሰዎች፣ የሰው ዘር ካለው ልዩነት አብዛኛውን በመካከላቸው ሊያሳዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ተቃውሞ አለ፣ ሊሸፋፈንም አይገባም። ብዙ ሺህ የዲኤንኤ ምልክቶችን አንድ ላይ የሚያይ ኮምፒውተር የአንድን ሰው አያቶች ትውልድ አህጉር ይለያል። እውነት ነው፣ ይለያል። ግን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር «ስንት ክምር ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መላሹ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ዝነኛ ጥናት አምስት ሲባል አህጉራትን የሚመስሉ አምስት ክምሮች ወጡ፤ ስድስት ሲባል ስድስተኛው በፓኪስታን ተራሮች የሚኖሩት በቁጥር ጥቂት የሆኑት ካላሽ ሆኑ። አምስቱ ዘር ከሆኑ ካላሾችም ዘር ናቸው፤ ይህን የሚል ግን የለም።

ሣጥኖቹን ማን ሠራቸው

ጀርመናዊው ሐኪም ብሉመንባኽ እ.ኤ.አ. በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ከፈለ፦ ካውካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ማላያዊ። ነጮች «ካውካሳዊ» የተባሉት ከጆርጂያ የመጣ አንድ የራስ ቅል ከስብስቡ ሁሉ ስላማረው ነው። «ኢትዮጵያዊ» ያለው ደግሞ ጥቁር አፍሪካውያንን በሙሉ ነው። ነገሩ አስቂኝ የሚሆነው ቀጥሎ ነው፤ በተለይ ከዐድዋ በኋላ ብዙ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች እኛን ከዚህ ሣጥን አውጥተው ለነጮች የቀረበ «ሐማዊ» ወገን አደረጉን። በስማችን የተጠራው ዘር እኛን የማይጨምር ሆነ ማለት ነው። ቆይቶ ፋሺስት ጣሊያን ደሴን ጨምሮ አገሩን ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ያ ሕግ ሐማዊ ነህ አይደለህም ብሎ የጠየቀው የለም። ሕዝቡ ያው፣ ዲኤንኤው ያው፤ ሣጥኑ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ሦስቴ ተለወጠ።

ብሔር ግን እውን ነው

ዘር ተፈጥሯዊ መሠረት የለውም ማለት ብሔርም ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ሲተረጉም የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ መግባቢያ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን የሚል እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነትና የተያያዘ መልክዓ ምድር ይላል። ዝርዝሩን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ደም የሚል ቃል አያገኝበትም። በሕጉ ላይ ያለን አቋም ምንም ይሁን፣ ትርጓሜው በዚህ ነጥብ ከሳይንሱ ጋር አይጣላም።

ወሎ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ አማራ ሳይንትና ቦረና ጎን ለጎን ያሉ ወረዳዎች ናቸው፤ አንደኛው የጥንቱን የአማራ ምድር ስም፣ ሌላው የታላቁን የኦሮሞ ወገን ስም ተሸክሟል፣ በሁለቱም የሚነገረው አማርኛ ነው። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ለገሂዳ፣ ለጋምቦ፤ ስሞቹ ኦሮምኛ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡት ኦሮሞዎች ወገን የአንዱን ስም ይዞ ወሎ ሆነ። የየጁ መሳፍንት ከኦሮሞ ቤተሰብ ወጥተው በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን ሲያዝዙ ኖሩ። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕዝብ ተነቅሎ ሕዝብ ተተካ? አይመስልም፤ ሰው ቋንቋ ለወጠ፣ ተጋባ፣ ሃይማኖት ቀየረ፣ ስም አወጣ። ብሔር የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

አርጎባ የተገላቢጦሹን ያሳያል። አብዛኛው አርጎባ ዛሬ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል፤ ቋንቋው ተጠብቆ የቀረው እንደ ሾንኬና ጦላሃ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። ቋንቋው ቢሄድም አርጎባነቱ አልሄደም። እንግዲህ ብሔርን በቋንቋ ብቻ የሚመዝን አርጎባ ላይ፣ በትውልድ ብቻ የሚመዝን ቦረና ላይ ይሰናከላል።

ብሔር ወይም ማኅበራዊ ክፍፍል በዲኤንኤ ላይ ምልክት የሚተውበት ጊዜ አለ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖረው የአሪ ሕዝብ ውስጥ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች በዲኤንኤ ይለያያሉ። ቀጥቃጮቹ የቀድሞ ሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደሆኑ፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ እንደሆነ አሳየ። ምክንያቱ ቀጥቃጩን አናገባም መባሉ ነው፤ የተገለለ ጥቂት ሕዝብ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ በጥቂት ትውልድ ዲኤንኤው ለየት ይላል። ጠይብ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እየተባለ ጋብቻ የሚከለከልበት ደጋ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ይበጃል፤ መጀመሪያ የመጣው መገለሉ ነው፣ ልዩነቱ ተከታይ ነው። ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከ1,200 በላይ ኢትዮጵያውያን የተካተቱበት የ2021 ጥናትም የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ባህልና መቀራረብ ያላቸው በዲኤንኤም ይቀራረባሉ ሲል፣ የሚገናኝ ሕዝብ ይጋባል ማለቱ ነው።

ሰባት ቤት ሲቆጠር

ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ሰው ሒሳቡን ለመከተል አይቸገርም። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8 እያለ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። ብሔሩን በአባቱ፣ በአባቱ አባት እያለ በአንድ መስመር ብቻ የሚቆጥር ሰው ከ128ቱ 127ቱን ይጥላል። በአሥረኛው 1,024 ናቸው፤ ዲኤንኤ በየትውልዱ በትልልቅ ቁራጭ እየተቆረሰ ስለሚተላለፍ ከእነዚህ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አንድም ቁራጭ አላወረሱንም። በሠላሳኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ላስታ ላይ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን፣ ቁጥሩ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ያኔ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ቢሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን ተደጋጋሚ ናቸው፤ የአንዱ አያት የሌላውም ነው፣ የወሎው ሙስሊምና ክርስቲያን፣ የአማራውና የኦሮሞው የዘር ሐረግ ወደ ላይ ሲወጣ ይገጣጠማል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በምራቅ የሚያስመረምሩት የዲኤንኤ ምርመራም ይህን አይፈታም። ምርመራው ከ3 ቢሊዮን ፊደል 600,000 እስከ 700,000 የሚሆኑትን ብቻ አንብቦ ድርጅቱ ካስቀመጣቸው የንጽጽር ናሙናዎች ጋር ያመሳስላል። የኛን አካባቢ በአብዛኛው «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ብለው በአንድ ቅርጫት ያስገቡታል። ናሙናው ሲታደስ መቶኛው ይለወጣል፣ የሰውየው ዲኤንኤ ግን ያው ነው። 1 እና 2 በመቶ የሚሉ ጥቃቅን ውጤቶችን ከቁም ነገር አለመቁጠር ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የስሌት ጭጋግ ናቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም የሚነግረውም ያንኑ ከ128 አንዱን መስመር ነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ

ጉዳዩ ከክርክር አልፎ ሰው የሚጎዳው ሕክምና ላይ ነው። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ የሚለውጠው ጂን ተደራርቦ ያለባቸው ሰዎች ከሚገባው በላይ ሞርፊን ባንዴ ያመነጫሉ፣ ለሕፃንና ለሚጠባ ልጅ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ድርብ ጂን ነበራቸው። ሳዑዲዎች 20 በመቶ ገደማ፣ ስዊድናውያን ከ1 እስከ 2 በመቶ፤ ዚምባብዌ ውስጥ ከኢትዮጵያው በእጅጉ ያነሰ ነው። «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ለሐኪሙ እዚህ ምንም አይጠቅመውም፤ ያሳስተዋል።

የኩላሊት ምርመራም እንዲሁ። በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ከተባለ ቆሻሻ ተነስቶ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያሰላው እ.ኤ.አ. የ2009 ቀመር ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ማባዣው የተሠራው በአሜሪካ ጥቁሮች መረጃ ነው፤ ለወሎ ገበሬ የሚሆንበት ምክንያት አልነበረም። ውጤቱ ኩላሊቱን ከእውነቱ የተሻለ አስመስሎ ያሳያል፣ ታማሚው ወደ ስፔሻሊስት የሚላክበትን ጊዜ ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘርን ያወጣ አዲስ ቀመር ተተካ፤ የድሮው ግን በማሽኖችና በስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የላብራቶሪ ወረቀቱ ቀመሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ካልጠቀሰ ባለሙያውን መጠየቅ ነው። በድሮው ቀመር «ጥቁር» ተመርጦ 65 የወጣ ውጤት፣ ማባዣው ሲነሳ 56 ይሆናል፤ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የኩላሊት ሕመም ተብሎ ክትትል የሚጀመርበት ነው።